ጺም ያበቀለው ግድግዳ

ጅቡቲ፣ ሰኔ 9 ቀን 1919 ዓ.ም.

ይህን ደብተር ሳታስፈቅድ የገለጥህ ሁሉ፣ ጣትህን ተመልከት። የገጹን ጫፍ በሙሉ ጥላሸት ቀብቼዋለሁ። ጋሼ ባንቲሁን፣ ደብተሩን ስለ ሰጠኸኝ እግዜር ይስጥልኝ፤ አሁን ግን አፍንጫህን እንዳትነካ።

ትርንጎ ነኝ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ጀምሬ ትቻለሁ፤ ፈረንጆቹ መነኩሲቶች ዘንድም ጥቂት ተቀምጬ ለስድብ የሚበቃ ፈረንሳይኛ ይዤ ወጥቻለሁ፤ ዓረብኛውን ከሰፈር ለቅሜዋለሁ። የምኖረው ከታላቅ እህቴ ከዓለምነሽ ጋር ነው፤ እኔ እታለም ነው የምላት። ባሏ ጋሼ ባንቲሁን ወደብ ላይ የጓዝ ጸሐፊ ነው። እታለም ባለፈው ሳምንት ሴት ልጅ ወለደች። ቀይ፣ መላጣ፣ ኩርፍርፍ ያለች። ክርስትና እስክትነሳ ስም ስለሌላት እኔ በየቀኑ አወጣላታለሁ። የዛሬው ስሟ ሙሴ ኮሚሴር ነው፤ ፈረንጁን የፖሊስ ሹም ቁርጥ።

እሜት ውብነሽም መጥተዋል። የጋሼ ባንቲሁን እናት ናቸው። ለአራሷ ገንፎ የሚሆን አንድ ስልቻ የገብስ ዱቄት ይዘው ከሸዋ ደጋ በባቡር ወረዱ። ጣቢያው ላይ ሲወርዱ ካባ ደርበው ነበር! በሰኔ! በጅቡቲ! ተሸካሚዎቹ ሶማሌዎች ታማሚ መስለዋቸው ተሸክመው ሊያወርዷቸው ነበር፤ በምርኩዛቸው አባረሯቸው።

ቤት እንደ ገቡ የመጀመሪያ ሥራቸው የአራስ ቤቱን መስኮት መዝጋት ሆነ። «አራስን ንፋስ ካገኛት አለቀላት» አሉ። ልጅቱ ሴት ስለሆነች እስከ ሰማንያ ቀን እናትና ልጅ ከዚያ ክፍል ንቅንቅ የለም። ፀሐይ አይነካቸውም፣ ንፋስ አያያቸውም። ትራስ ሥር ቢላዋ፣ በር ላይ እሜት ውብነሽ።

እታለም ጨለማው ውስጥ ተኝታ ትተክዛለች። ስለዚህ ዛሬ ከድስት ቂጥ ጥላሸት ፍቄ ከአልጋዋ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ የጋሼ ባንቲሁንን አለቃ ሣልኩላት። ጺሙ እስከ እምብርቱ። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እሜት ውብነሽ ገንፎ ይዘው ገቡና ከአለቃው ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

ገንፎው አሁንም ጣሪያው ላይ ነው።

ሰኔ 12

ሚካኤል። ንፋስ። በቀትር ሰማዩ እንደ በርበሬ ቀላ። የጎረቤታችን የሂንድ ማድጋ ተንከባሎ ወደ ባሕር ሄደ። ከፈረንጆቹ ሰፈር፣ ከፕላቶ ዱ ሰርፓን በኩል የአንዲት ፈረንጅ ባርኔጣ በሮ መጥቶ ደጃችን ላይ አረፈ፣ ፍየል በላችው። ጥርሴ አሸዋ ነው። ኋላ እጽፋለሁ።

ሰኔ 13

ኸምሲን ይሉታል። ትናንት ቀኑን ሙሉ፣ ዛሬም እስከ ረፋድ ሲነፍስ ነበር። ሲቆም ቤታችን ውስጥ የነበረው ሁሉ አንድ ቀለም ሆኖ ቆየን፤ አልጋው፣ ሳጥኑ፣ ድስቱ፣ ጋሼ ባንቲሁን። ጢሙ ላይ ጎመን መዝራት ይቻል ነበር። ነገርኩትና ሊመታኝ ሲነሳ አቧራው ከላዩ ተነሣ፣ አስነጠሰው፣ አመለጥኩ።

ጎረቤታችን ሂንድ የመናዊት ናት፤ ባሏ ሙጠሊብ ሰንቡቅ የሚሉትን የሸራ ጀልባ ይነዳል። ግድግዳችንም ሰገነታችንም የጋራ ነው። እሷ አውሎው እንዳበቃ ያላትን ሁሉ ወደ ደጅ አወጣች፤ ምንጣፍ፣ ፍራሽ፣ አማት። መስኮቷን በሁለት በኩል ከፈተችና ሰገነት ላይ ቁጭ ብላ ለእኔ በዓረብኛ ጮኸች፦ «አንቺ ሰይጣን! አራሷንስ መቼ ነው የምታወጧት?»

እኛ ቤት የተደረገው ሌላ ነው። እሜት ውብነሽ ሁለት አንሶላ ውኃ ነክረው የአራስ ቤቱ መስኮት ላይ በምስማር አስመቱ። «አቧራውን እርጥቡ ይይዘዋል፣ ንፋሱን ምስማሩ ይይዘዋል» አሉ። እውነቱን ለመናገር ብልሃቱ ደስ አለኝ። አንሶላውን ጠዋትና ማታ ማርጠብ የኔ ሥራ ነው። ለአንሶላው አንድ ጣሳ፣ ለግድግዳው አንድ ጣሳ፣ ለእታለም እግር አንድ እፍኝ፣ ለራሴ አናት የቀረው። ክፍሉ እንደ ምንጭ ዳር ቀዘቀዘ። እታለም «ተባረኪ» አለችኝ። ማንም ተባረኪ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው፣ ስለዚህ ማታ ሦስት ጣሳ ጨመርኩ።

ልጅቱ አስነጠሰች። የዛሬው ስሟ ወይዘሪት ሱሬት፤ በአፍንጫው ሱሬት እንደ ማገ ሽማግሌ ነው የምታስነጥሰው።

ሰኔ 22

ሁሉም ቀትር ላይ ተጋድሞ ሲያንኮራፋ የሰገነቱ ደረጃ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ።

የዚህ ሳምንት ሥራዬ፦ የእሜት ውብነሽን ነጠላ ጫፍ ከወንበሩ ጋር ቋጠርኩት፤ ሲነሱ ወንበሩም ተነሣ። የጋሼ ባንቲሁንን አንድ ጫማ በሂንድ ባል ጫማ ለወጥኩ፤ ሁለቱም አንድ አንድ እግር ተሳስተው እስከ ወደብ ሄደው ተመለሱ። ለእታለም እነዚህን ሁሉ በሹክሹክታ ነገርኳት። ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ሳል ሆነባት።

«አቧራው ነው» አሉ እሜት ውብነሽ።

አቧራው ከወጣ ሰነበተ። ቢሆንም እሳቸው ካሉ አቧራ ነው።

ሂንድ ገንፎ ልትቀምስ ገብታ አፍንጫዋን ያዘች። «ክፍላችሁ የሰንቡቅ ሆድ ይሸታል» አለችኝ ስትወጣ። ለእሜት ውብነሽ ስተረጉም «ገንፎው ይጣፍጣል ትላለች» አልኩ። ደስ አላቸውና ሌላ ጭልፋ ላኩላት።

ሐምሌ 1

ተበደልኩ! በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልሠራ ተከሰስኩ።

ዛሬ ጠዋት ከአልጋው ራስጌ፣ ከሳጥኑ በላይ፣ ግድግዳው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ታየ። ከርቀት ሲያዩት የሰው ጺም ይመስላል፤ ያውም ያማረ። እሜት ውብነሽ ጆሮዬን ይዘው እፊቱ አቆሙኝ።

«ይሄስ ማን ነው? የወደቡ አለቃ ወንድም?»

«እኔ አይደለሁም እሜት!»

«አይ፣ እኔ ነኛ! በዚህ ዕድሜዬ ተነሥቼ ጥላሸት ሳቦካ አደርኩ።»

«እኔ ብሆን ዓይን እሠራለት ነበር! ጺም ብቻውን ምን ያደርጋል?»

እታለም አልጋው ላይ ሆና በሳቅ ተንፈራፈረች። «ትሩ፣ ያምራል፤ ግን ይብቃሽ በቃ» አለችኝ። እሷም አላመነችኝም።

ቅጣቴ፦ እርጥብ ጨርቅ ይዤ ግድግዳውን መፈግፈግ። ፈገፈግሁ። ጠፋ።

ሐምሌ 4

ጺሙ ተመልሷል። ልጅም ወልዷል፤ ከመስኮቱ ሥር ሁለት ትንንሽ ጺሞች። እንደገና ጆሮዬ፣ እንደገና እርጥብ ጨርቅ። በውኃ ብዛት ኖራው እንደ እርጎ መላጥ ጀመረ።

አንድ ነገር አለ። ሳጥኑን ሳንቀሳቅስ ጀርባው በሙሉ አረንጓዴ ጠጉር አብቅሏል። ትራስ ሥር ያለው ቢላዋም ዝጓል። ለእሜት ውብነሽ «ቢላዋውንም እኔ ነኝ ያዛግሁት?» ብላቸው «አንቺ የማትሠሪው ምን አለ!» አሉ።

ሐምሌ 5

የሐዋርያት ጾም ተፈታ። ዶሮ በላን። ልጅቱ ስትተነፍስ ደረቷ ያፏጫል፤ ፊው፣ ፊው። የዛሬው ስሟ ባቡሬ ነው። «ድሬዳዋ ስትደርሽ ፉጨትሽን አቁሚ» አልኳት። እታለም አልሳቀችም። ምናልባት አልሰማችኝም።

ሐምሌ 8

ባቡሬ ዛሬም ታፏጫለች። ሌላ ስም አላወጣሁም፣ ይህን ስለወደድኩት ነው።

ጡት ትይዛለች፣ ትለቃለች፣ ትተነፍሳለች፣ ትይዛለች። እታለምም ከሷ ጋር ትስላለች። እኔ ከዚያ ክፍል ወጥቼ ሰገነት ላይ ስደርስ ደረቴ ይከፈታል፤ ደረጃውን ስለ ሮጥኩ ይሆናል። ሰው ሮጦ ደረቱ ሲጠበው እንጂ ሲከፈትለት አይቼ አላውቅም።

«መስኮቱን ለጥቂት ብንከፍተውስ?» አልኳቸው እሜት ውብነሽን። ሳልስቅ ነው ያልኩት።

ፊቴን ትክ ብለው አዩ። «ከመስኮቱ ውጪ ምን አዘጋጅተሻል?»

«ምንም።»

«ጎረቤቲቱ ውኃ ይዛ ቆማ ይሆናል።»

ምን ይፍረዱ። ባለፈው ሳምንት ውኃ ይዛ ቆማ ነበር።

ሐምሌ 11

በር ላይ ቆሜ የሰማሁት፦

ጋሼ ባንቲሁን፦ «እማዬ፣ ልጅቷ ትንፋሽ እያጠራት ነው።»

እሜት ውብነሽ፦ «አይቻለሁ።»

ጋሼ ባንቲሁን፦ «ምን ይሻላል?»

እሜት ውብነሽ፦ «ከድሬዳዋ ቄስ ይምጣ። ሰማንያው ባይሞላም ትጠመቅ።»

ሰማንያው ሳይሞላ የሚጠመቀው ምን ዓይነት ሕፃን እንደሆነ አውቃለሁ። አይጻፍም።

ወዲያው ወደ እኔ መጡ። ሲናገሩ አልጮሁም፣ ይሄ ነው የከፋኝ። «ትርንጎ፣ ልጄ፣ ግድግዳውን የምታጠቁሪበት ጥላሸት ነው ደረታቸው የገባው። ከዛሬ ጀምሮ ወደዚያ ክፍል እንዳትገቢ።»

ማልኩ። መስቀል መትቼ ማልኩ። ባለፈው ወር ጨው ስኳር ነው ብዬም ምዬ ነበር።

ደግሞ አላመኑኝምና ከስልቻቸው የገብስ ዱቄት አምጥተው ከበሩ ደፍ ጀምሮ በግድግዳው ሥር ዙሪያውን ነሰነሱ። «ማንም እንዳይጠርገው። በሌሊት ብትገቢ እግርሽ ይናገራል» አሉ። በሌላ ቀን ቢሆን የዳክዬ እግር ከእንጨት ቀርጬ ዱቄቱ ላይ አራምደው ነበር።

ዛሬ ስም አላወጣሁላትም።

ሐምሌ 13

አልገባሁም። ከበር ውጪ ተቀምጬ የእታለምን ሳል አዳምጣለሁ። በቀዳዳው «ትሩ፣ አለሽ?» ትለኛለች። «የለሁም» እላታለሁ። ትስቃለች፣ ትስላለች። ስለዚህ ማሳቅም ተውኩ።

አንሶላውን አሁን የሚያረጥቡት እሜት ውብነሽ ናቸው። ሲያረጥቡ አንድ ጣሳ ብቻ ነው። እኔ ግን ስንት ጣሳ ነበር ያን ግድግዳ ያጠጣሁት? እንደ ጓሮ አትክልት።

ሐምሌ 17

ዛሬ የሆነውን በሥርዓት ልጻፈው።

ጠዋት እሜት ውብነሽ ከአራስ ቤቱ ሆነው ጠሩኝ። ስሜን አልጠሩም፤ «ነይ» ነው ያሉት። ደፉ ላይ ቆምኩ።

ግድግዳው ከራስጌ እስከ ግርጌ ጺም ነው። አንድ ጺም አይደለም፣ የሊቃውንት ጉባኤ ነው። እሜት ውብነሽ ግን ግድግዳውን አያዩም። መሬት ላይ ተንበርክከው ዱቄታቸውን ነው የሚያዩት። አንድም የእግር ዱካ የለበትም። ከበሩ አጠገብ ያለው ረግቶ እንደ ሊጥ ሆኗል። ከግድግዳው ሥርና ከአልጋው በታች ያለው ግን ጠጉር አውጥቷል፤ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ጫፉ ነጭ።

በጣታቸው ቆንጥረው አነሡ። አሸተቱት። ተነሡ፣ ግድግዳውንም አሸተቱት። ከዚያ የሳጥኑን ጀርባ፣ ከዚያ አንሶላውን።

«ሻጋታ ነው» አሉ።

ጣታቸውን ጠርገው ወደ እኔ አዩ።

«አንቺ አይደለሽም።»

«አይደለሁም እሜት።»

«በዕድሜዬ ሙሉ ለጠላቴ እንኳ የሻገተ እንጀራ አቅርቤ አላውቅም» አሉና ወደ አልጋው ዞሩ። ባቡሬ ፊው፣ ፊው ትላለች። «ልጄን መሶቡ ውስጥ አስተኝቼ ክዳኑን ምስማር መታሁበት።»

ድምፃቸው ሲሰበር ሰምቼ አላውቅም ነበር። አንሶላውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ሳቡት፣ ምስማሩ ጣ ጣ ጣ እያለ ወለቀ፣ መስኮቱን በክርናቸው ገፉት። ፀሐይና የባሕር ንፋስ ተጋፍተው ገቡ። እታለም ዓይኗን በእጇ ከልላ «ወይኔ፣ ቀን ነው ለካ!» አለች።

ያን ጊዜ እሜት ውብነሽ ያደረጉት ትዝ አላቸውና መስኮቱ ፊት እንደ መጋረጃ ቆሙ። «ንፋሱ!» አሉ። ካባቸውን በሁለት ክንድ ዘርግተው ንፋሱን ሊመልሱ! ወዲህ ይላሉ፣ ንፋሱ ወዲያ ይዞራል። አሁን ሳቅ መጣልኝ፣ አልቻልኩም።

«እሜት፣ ከዚህ ክፍል መውጣት አለባቸው።»

«ሰማንያ ቀን ሳይሞላ? ወደ ሜዳ?»

«ሰገነቱ ላይ፤ ዙሪያውን በሸራ እናጥረዋለን።»

«በሸራ የታጠረ ቤት ነው እንዴ?»

ጋሼ ባንቲሁን ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ በሩ ላይ ቆሟል። «እማዬ» አለ፣ «እኔን የት ነበር የወለድሽኝ?»

እሜት ውብነሽ የዘረጉትን ካባ አወረዱ።

«በጉዞ ላይ፣ በድንኳን» አሉ ቀስ ብለው። «በረዶ ይጥል ነበር።»

«ንፋስስ አልነበረም?»

«ድንኳኑን ይዞት ሊሄድ ነበር!» አሉና ቀና አሉ፤ ያኔ እንደነበሩት ሳይሆኑ አይቀሩም። «ምሰሶውን በአንድ እጄ ይዤ ነው ያማጥኩህ። ታዲያ ምን ሆንህ? ይኸው ጢም አውጥተህ ጥያቄ ትጠይቀኛለህ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፦ «ምን ትጎለቻለሽ? ሸራ አምጪ!»

ሐምሌ 19

ገብርኤል። የሙጠሊብ ሰንቡቅ ሸራ ሰገነታችን ላይ ተተክሏል። ሙጠሊብ ራሱ «ያለ ሸራ ባሕር አልወጣም፣ ዕረፍት ነው» ብሎ ጥላ ሥር ተጋድሟል። ሂንድ ወደ ባሕሩ ያለውን ጎን ከፍ አድርጋ ታሥረዋለች፣ እሜት ውብነሽ ዝቅ ያደርጉታል፣ ሂንድ ከፍ ታደርገዋለች። አንዷ የሌላዋን ቋንቋ አታውቅም። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ፤ ለሁለቱም «ልክ ነሽ ትላለች» እላለሁ።

ታች ደግሞ እኔና ጋሼ ባንቲሁን የሻገተውን ምርጊት እስከ ድንጋዩ እየፋቅን ነው። አፍና አፍንጫችን በጨርቅ ታስሯል። «ሽፍታ መሰልሽ» አለኝ። «አንተ የተዘረፈ መሰልክ» አልኩት። አንሶላዎቹንና የፍራሹን ገለባ ባሕር ዳር ወስደን አቃጠልን። ሳጥኑን ፀሐይ ላይ ገልብጠነዋል። አዲስ ኖራ እስኪቀባ ክፍሉ ባዶውን፣ በሩም መስኮቱም ተበርግዶ ይሰነብታል። ውኃ? አንዲት ጠብታ የለም። ጣሳውን እሜት ውብነሽ ደብቀውብኛል።

ቄሱ እንዲመጡ የተባለው መልእክት አልተላከም። ጋሼ ባንቲሁን ኪሱ ውስጥ አድርጎት ሳምንት ሙሉ ሲዞር ነበርና።

ሐምሌ 27

ዛሬ ጆሮዬን ደረቷ ላይ ጣልኩ። ሰማሁ። እንደገና ሰማሁ። እታለምን «አንቺም ስሚ» አልኳት። ጋሼ ባንቲሁንም ሰማ። ሂንድም ሰማች። ሙጠሊብ «ምንድነው የምትሰሙት?» አለ።

ምንም። ምንም አይሰማም!

ጡት ይዛ ሳትለቅ ጠጥታ፣ ጠግባ፣ በእሜት ውብነሽ ካባ ላይ አስታወከች። የዛሬው ስሟ እቴጌ።

አንድ ምስጢር፦ እሜት ውብነሽ ብቻቸውን የሆኑ መስሏቸው ልጅቱን ሲያባብሉ ሰማኋቸው። «ባቡሬ፣ ባቡሬ፣ የኔ ባቡሬ» እያሉ። ለማን ልንገር!

ነሐሴ 6

ኸምሲን ሁለተኛ። ሁላችንም ሩጫ፣ አራሷን ወደ ታች፣ አዲስ ኖራ ወደ ተቀባው ክፍል። መስኮት ተዘጋ። እሜት ውብነሽ ደጅ ደጁን እያዩ። ንፋሱ ዝም እንዳለ እሳቸው ናቸው መስኮቱን የከፈቱት፣ በሁለቱም በኩል። አቧራው በደረቅ መጥረጊያ ወጣ። ሂንድ ከሰገነት ሆና አጨበጨበች። እሜት ውብነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው እጅ ነሡ፣ ልክ መድረክ ላይ እንዳሉ።

ካባው ግን አሁንም አልወለቀም። እየሠራሁበት ነው።

ነሐሴ 21

ዛሬ ሰማንያ ሞላ። ክርስትና ተነሣች። ቄሱ ከድሬዳዋ የመጡት ለደስታ ነው። የክርስትና ስሟ ወለተ ሚካኤል፣ የቤት ስሟ ዓይናለም። እኔ ያወጣኋቸውን ስሞች ቄሱ አልተቀበሉኝም፤ ሙሴ ኮሚሴርን እንኳ።

ስትጠመቅ ውኃው ሲነካት ጩኸቷ ወደቡ ድረስ ተሰማ። እንዲህ ያለ ሳንባ! ጋሼ ባንቲሁን ወደ ግድግዳ ዞሮ ቆመ፤ ጉንፋን ይዞት ይመስላል፣ አፍንጫውን ሲጠርግ ነበር።

ከግብዣው በፊት ደክሞኝ ሸራው ሥር ጋደም ብዬ ነበር። ነቅቼ ቀጥታ ወደ እንግዶቹ ገባሁ። ለቄሱ ጠላ ቀዳሁ፤ ቄሱ አንገታቸውን ደፍተው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ጸሎት ላይ ናቸው ብዬ አለፍኩ። ለሙጠሊብ ዳቦ ሳቀርብ አፉን በመዳፉ ያዘ። ሂንድ ተነሥታ ወጣች። ቤቱ ሙሉ ሰው ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰቅሏል፤ የገንፎው ነገር ነው ብዬ አሰብኩ።

እታለም ናት የራራችልኝ። የጋሼ ባንቲሁንን የመላጫ መስታወት ሰጠችኝ።

ከጆሮ እስከ ጆሮ፣ ከአፍንጫ እስከ አንገት፣ ያማረ ጥቁር ጺም።

እሜት ውብነሽ ጥግ ላይ ተቀምጠው ዳቦ ይቆርሳሉ። ካባ የለም፤ በነጭ ቀሚስ ብቻ። የቀኝ እጃቸው ጣቶች ጥላሸት ናቸው፣ ለመደበቅም አልሞከሩም።

«እሜት! ይሄ ምንድነው?»

«ሻጋታ ነው ልጄ» አሉ፣ ዳቦውን ሳይለቁ። «ንፋስ ያላገኘ ሁሉ እንዲህ ያበቅላል።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ልቆጣ ስል ልጅቱ ከእታለም ክንድ ላይ ሆና አየችኝ። ትክ ብላ አየችኝ፣ ጺሜን አየችና ሳቀች። ድምፅ አውጥታ፣ ረዥም ሳቅ፣ አንድም ፉጨት የሌለበት።

ጺሜን እስካሁን አላጠብኩትም።